የታጠበ ወጥመድ

በደሴቱ ላይ አሥራ ስድስት ወጥመዶች አሉኝ። ወጥመድ ሲባል ጥርስ ያለው ብረት የሚታየው ሰው እንዳይደክም፤ የእኔ ወጥመድ እስከ ግማሹ ውሃ የተሞላ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ውስጡ አንድ ሻካራ ጣውላ ቆሞበታል። ሴቷ ትንኝ ጥቁር ነገርና የቆመ ውሃ ስለምትወድ ትመጣለች፤ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላ ጣውላው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። እኔ ሰኞ ሰኞ እየዞርኩ ጣውላውን በአዲስ እተካለሁ፤ ውሃውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጬ እጭ እፈልጋለሁ፤ ያገኘሁትን ጣቢያ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ከዚያ ቅጽ ላይ ዝርያና ብዛት እሞላለሁ። ይህን ለማድረግ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ።

የምፈልገው አንዲት ዝርያ ነው። ቀን የምትናከስ፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት የተደረደረባት፣ ጀርባዋ ላይ ክራር የሚመስል ነጭ ምልክት ያላት፣ የደንጊ ትኩሳትን ከሰው ሰው የምታዞር። በዙሪያችን ባሉ ደሴቶች ሁሉ አለች። ባለፈው የዝናብ ወቅት ከእኛ በጀልባ ሁለት ሰዓት በሚርቀው ደሴት ትኩሳቱ ገብቶ፣ አልጋ ያጣ በሽተኛ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተኝቶ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የለችም። አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቅጹ ላይ የተሞላው ዜሮ ነው። ወደቡ መግቢያ ላይ «ወደ ንጹሑ ደሴት እንኳን በደህና መጡ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። ከሰሌዳው ሥር ማንም የማያነሳው የአሮጌ ጎማ ክምር አለ።

እዚህ የመጣሁት ለስድስት ወር ተብዬ ነው። ስድስቱ ወር አሥራ አንድ ሆነ። አለቃዬ የሚቀመጠው ከባሕሩ ማዶ ማዕከላዊው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ባልደረቦቼ «አቶ ይደርሳል» ይሉታል፤ ማይክሮስኮፑ ተሰበረ ሲሉት ይደርሳል፣ ደመወዝ ዘገየ ሲሉት ይደርሳል፣ የጣቢያው ጣሪያ ሊወርድ ነው ሲሉት ይደርሳል ነው መልሱ። የእኔ ዝውውር ግን ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከውጭ የምትመጣ መርማሪ ደሴቱን አይታ «ከዝርያዋ ነጻ» የሚለውን ምስክር ወረቀት ስትሰጥ ጣቢያው ይዘጋል፤ ወደቡ ላይ ጀልባ መፈተሽና ዕቃ መርጨትም ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ማዕከላዊው ላቦራቶሪ እገባለሁ። ደብዳቤው ተጽፎ ያለቀ ነው፤ የቀረው ፊርማ ነው። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ዜሮ በሞላሁ ቁጥር ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ልብስ የከተትኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ይደርሳል የተባለው ጠጋኝ ሳይደርስ ጣሪያው ራሱ ቀድሞ አልጋዬ ላይ ደረሰ። እናቴ ደውላ ታላቅ እህቷ ዘንድ እንድገባ አዘዘችኝ። አክስቴ እዚህ ተድራ ከመጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ባሏ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ቤቷ ከወደቡ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። እስከዚያ ድረስ አብሬያት ያልኖርኩት ስለማልወዳት አይደለም፤ አክስቴ ቤት መግባት ማለት ጫማ ሁለቴ ማውለቅ ስለሆነ ነው፤ አንዴ ግቢው በር ላይ፣ አንዴ ቤቱ በር ላይ። ሰፈሩ «እመቤት መጥረጊያ» ይላታል። ታውቃለች፤ አትከፋም። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሰጣት አምስት «የዓመቱ ንጹሕ ግቢ» የሚል ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። ሽልማቱን የሚሰጡት የእኛን ጣቢያ ቅጽ አይተው ነው።

ወጥመድ ቁጥር ሰባት ያለው እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ከአሥራ ስድስቱም ዋናው እሱ ነው፤ ባዕድ ትንኝ የምትመጣው በጀልባ፣ በጎማና በበርሜል ውስጥ ተሸሽጋ ስለሆነ ከወደቡ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው የአክስቴን ግቢ ነው። አለቃዬ ሪፖርት ላይ «ቁልፍ ወጥመድ» እያለ ይጽፈዋል።

ይኸው ቁልፍ ወጥመድ ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ሌሎቹ አሥራ አምስቱ ውስጥ የምፈልጋት ዝርያ አትኑር እንጂ ሌላው ሁሉ አለ፤ የተራ ትንኝ እጭ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሰጠመ እንሽላሊት፣ አንድ ሰኞ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ቁጥር ሰባት ውስጥ ግን ቅጠል እንኳ አይገኝም። ይህ ሊሆን እንደማይችል አንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቃል። እኔ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አልጠረጠርኩም። ለራስ የሚጠቅምን ቁጥር ገልብጦ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

አክስቴ ቤት በገባሁ በሁለተኛው እሑድ ከምሳ በኋላ በመስኮት ወደ ግቢው ስመለከት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ቁጥር ሰባትን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ በሽቦና በሳሙና ትፈትገዋለች። ጣውላው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«እቴቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«አትጩኺ፤ ጎረቤት ይሰማል። አጥባለሁ፤ አታዪም?»

«እሱ እኮ ወጥመድ ነው!»

«እና ወጥመድ አይታጠብም?»

«ማን እጠቢ አለሽ?»

«ማን ይበለኝ? ነገ ሰኞ አይደል? ሰኞ የመንግሥት ሰው ይመጣል።» ሽቦውን ወደ እኔ ቀሰረችው። «አሁን የመንግሥት ሰው አንቺ ነሽ። ከአንቺ በፊት ያ ቀጭኑ ነበር፤ ከእሱ በፊት ያ የሚያስነጥሰው። ሁሉም እየመጡ አንገታቸውን ደፍተው እዚህ ባልዲ ውስጥ ያያሉ። ታዲያ ትል የሚርመሰመስበት ውሃ ላሳያቸው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ስንት ጊዜ ነው ያጠብሽው?»

«ምን ማለትሽ ነው? በየእሑዱ ነዋ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካስቀመጡት ጀምሮ። አንድ እሑድ አሳልፌ አላውቅም። ባሌ በሞተ ሳምንት እንኳ አጥቤዋለሁ፤ ለቀስተኛ እያየኝ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩት። ሁለት መቶ ስልሳ እሑድ። ሁለት መቶ ስልሳ ዜሮ። በእነዚህ ዜሮዎች አለቃዬ ባለቀለም ሰንጠረዥ ሠርቷል፤ ሁለት ጉባኤ ላይ ቆሞ አስረድቷል፤ አንዴም ተጨብጭቦለታል። ከጭብጨባው ግማሹ የሳሙናው ድርሻ ነበር።

«ስታጥቢው ትል ነበረበት?» አልኳት።

«አንዳንዴ።»

«ምን ዓይነት?»

«ትል ትል ነው። የተማርሽው አንቺ።»

ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ትንኟ እንድትመጣ ብለን እንዳስቀመጥነው፣ መምጣቷን የምናውቀው ውሃውና ጣውላው ሳይነኩ ከቆዩ ብቻ እንደሆነ፣ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ደሴቱ ነጻ ነው ብለን እንደምንጽፍ ነገርኳት።

«ቆይ፣ ቆይ። እናንተ ሆን ብላችሁ ነው ቢንቢ የምትጠሩት? እኔ ግቢ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ያውም በመንግሥት ደረጃ?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

«ቢንቢ የፈለገ ሰው ጎሚስታው ቤት አይሄድም?» ጎሚስታው ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቷ ነው፤ ግቢውን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። «እዚያ በነጻ ታገኙት ነበር።»

መርማሪዋ ልትመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ያለማንም ትእዛዝ አዲስ ጣውላ አስገባሁና አክስቴን ለሳምንት እንዳትነካው አስማልኳት። ማለች። የዚያን ሳምንት ስቃይዋን ያየ ሰው የታመመች ይመስለው ነበር። ጠዋት ትወጣለች፣ ባልዲውን ትዞረዋለች፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ትመለሳለች። ጎረቤት ሲመጣ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች፤ ጎረቤት ሲሄድ እኔ አነሳለሁ። ሐሙስ ዕለት «ቅጠል ገብቶበታል፤ ቅጠሏን ብቻ ላውጣ» ብላ ለመነችኝ። አልፈቀድኩም።

ሰኞ ጣውላውን ሳወጣ በጥቁር በርበሬ የተነሰነሰ መሰለ። እንቁላል ነው። ጣውላውን መኝታ ቤቴ ውስጥ ሰፊ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አፉን በመረብ ጨርቅ አሰርኩት፤ እጮቹ ሲፈለፈሉ የተፈጨ የዓሣ መኖ እያበላሁ አሳደግኋቸው። በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ትንኞች መረቡ ሥር ይበራሉ። ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም። እግራቸው ላይ ቀለበቱ፣ ጀርባቸው ላይ ክራሩ፤ መጽሐፌ ላይ ያለው ሥዕል ራሱ ተነስቶ የሚበር ነበር። ለአፍታ ያህል ደስታው ሊያስጮኸኝ ደረሰ፤ ሙያ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ሻንጣዬ ትዝ አለኝ።

ደወልኩ። አክስቴ የበሩን መቃን በጨርቅ ትወለውል ነበር።

«ቁጥር ሰባት ላይ አግኝቻታለሁ፤» አልኩት።

«ማንን?» አለ አለቃዬ።

«እሷን።»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ አድገዋል።»

«የእኛ አይደሉም።»

«የእኛ አይደሉም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከጎረቤት ደሴት በጀልባ የመጡ ይሆናሉ። እንግዶች ናቸው።»

«እንቁላል ጥለዋል እኮ፣ ጌታዬ። ቤት ይዘዋል።» የእሑዱን ሳሙና ጉዳይም ነገርኩት። ያልሰማ መሰለ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«በሃያ ስድስት ዓመት ሰው የማይጠራጠረው ነገር የለም። እስቲ ፎቶ ላኪልኝ።»

ላክሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱ ደወለ።

«ደብዛዛ ነው። ደግሞም ደንቡን ታውቂያለሽ፤ ፎቶ መረጃ አይደለም። ናሙና ነው መረጃ።»

«ናሙናው እጄ ላይ ነው። ሰኞ ሲመጡ አሳይዎታለሁ።»

«ሰኞ ከመርማሪዋ ጋር ነኝ። ሰኞ ሌላ እንግዳ አያስፈልገንም።» ድምፁ አባታዊ ሆነ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ዝውውርሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እስክሪብቶውም አጠገቡ አለ። ትንኟ ከተገኘች ጣቢያው አይዘጋም። ጣቢያው ካልተዘጋ ሰው ያስፈልገዋል፤ ደሴቱን የሚያውቅ ሰው። ከአንቺ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ጎበዝ።»

ስልኩን ስዘጋ አክስቴ ያንኑ የመቃን ጠርዝ እየወለወለች ነው።

«ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» አለችኝ።

«ትንኟ ከተገኘች አልሄድም።»

«ካልተገኘችስ?»

«እሄዳለሁ።»

«እናትሽ በየቀኑ ነው የምትደውልልኝ። ልጄን እዚያ ውሃ መሐል አስቀራችኋት እያለች። እኔ ያስቀረሁሽ ይመስል!» ጨርቁን ጨመቀችና ወደ ማድቤቱ ሄደች።

አሥራ አንዱን ትንኞች አድርቄ በትንሽ ሳጥን አኖርኳቸው። ደሴቱ ላይ ሌላ ቦታ መድረሷን ለማየት ቅዳሜንና እሑድን ቀሪዎቹን አሥራ አምስት ወጥመዶች ስዞር ዋልኩ። አልደረሰችም፤ ወደቡ ዙሪያ ብቻ ነች። ማለትም አሁን ከተሠራባት ልትጠፋ ትችላለች፤ ምስክር ወረቀቱ ተሰጥቶ ፍተሻው ከቆመ ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ደሴቱን ትወርሰዋለች። ይህንን እያሰላሁ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ስገባ በረኪናው ከግቢው በር ነው የተቀበለኝ። ወለሉ እርጥብ ነው። አልጋዬ ተነጥፏል። ብርጭቆው ተወልውሎ ከሌሎቹ ብርጭቆዎች ጋር መደርደሪያ ላይ ተመልሷል።

«ምን አደረግሽ?»

«ክፍልሽን አጸዳሁ። ሻንጣሽን ከአልጋው ሥር አውጥቼልሻለሁ።»

«ሳጥኑስ? ጠረጴዛ ላይ የነበረው ትንሹ ሳጥን?»

«ያ የሞተ ዝንብ የሞላው? እሳት ውስጥ ከተትኩት። የተማረች ልጅ ዝንብ አታጠራቅምም።»

«ባልዲውስ?»

«ባልዲውማ መስታወት ሆኗል። ሂጂ ፊትሽን እዪበት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልተገኘችም። በቃ። ሄደሽ ሥራሽን ሥሪ፣ እናትሽም ትተኛ።»

መቆጣት ነበረብኝ። የአሥር ቀን ሥራዬ፣ ብቸኛው መረጃዬ፣ እሳት ገብቷል። የመጣልኝ ግን ቁጣ አይደለም፤ እፎይታ ነው። እኔ አልዋሸሁም። አለቃዬም አልዋሸም፤ ደብዛዛ ነው አለ እንጂ። አክስቴም አልዋሸችም፤ ቤት አጸዳች። ማንም ሳይዋሽ ውሸቱ ተሠርቶ አለቀ፤ የሚሸተውም ንጽሕና ነው። አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ሦስት ሸሚዝና ሁለት መጽሐፍ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ። እጥፋታቸው እንኳ አልተበላሸም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የልዑካኑ ጀልባ መጣ። ልዑካን ቢባልም ሁለት ሰው ነው። አለቃዬ ሱፍ ለብሷል፤ መርማሪዋ ሽበታም፣ ቀጭን፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ማጉያ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነች። ሰሌዳውን አየች፤ ከሰሌዳው ሥር ያለውን የጎማ ክምር ደግሞ ከሰሌዳው ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ ቁልፍ ወጥመዱን ላሳያት ወደ አክስቴ ግቢ ወሰድኳት። አክስቴ አዲስ ሽርጥ አድርጋ ግድግዳዋ ሥር ከደረደረቻቸው አበቦች አጠገብ ቆማለች። መርማሪዋ ጫማዋን በር ላይ አለማውለቋን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ቻለች።

መርማሪዋ ባልዲው ላይ ጎንበስ አለች። ውሃው ውስጥ የራሷ ፊት ብቻ ነበር።

«በጣም ንጹሕ ነው፤» አለች።

«የጣቢያችን የአምስት ዓመት ሥራ ውጤት ነው፤» አለ አለቃዬ።

«የማን ሥራ?» አለች አክስቴ።

አለቃዬ ፈገግ አለ። «እናታችን የግቢው ባለቤት ናቸው።»

«ባለቤትማ ነኝ። ሥራውም የኔ ነው። ከጣቢያ የመጣ ሰው አንድ ቀን ሽቦ ጨብጦ ያውቃል? ያ ቀጭኑ? ያ የሚያስነጥሰው? ይቺስ የእህቴ ልጅ? አይተው ጽፈው ይሄዳሉ!»

«ሽቦ?» አለች መርማሪዋ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሽቦና ሳሙና። በየእሑዱ። አምስት ዓመት። ትናንት ደግሞ በበረኪና ጭምር ነው። ካላመኑኝ ያሽትቱት።»

መርማሪዋ እንደገና ጎንበስ ብላ አሸተተች። አለቃዬ ሳቀ፤ ከሚገባው ትንሽ ረዘም አድርጎ ሳቀ።

«እናታችን ጨዋታ ያውቃሉ።»

«ጨዋታ? እኔ በቤቴ ንጽሕና አልጫወትም፣ ጌታው!»

መርማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «ናሙና የምትሰበስቢው አንቺ ነሽ። ያሉት እውነት ነው?»

«አይደለም» ብል አክስቴ ቀልደኛ አሮጊት ትሆናለች፤ እኔ ማታ ጀልባው ላይ ነኝ። አለቃዬ እስክሪብቶው ያለበትን የደረት ኪሱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ሁሉም ይጠብቁኛል። ኅሊና የሚባለው ነገር መጥቶ አነጋግሮኝ ቢሆን ኖሮ አነጋገረኝ ባልኩ፤ አልመጣም። ከትናንት ጀምሮ ውስጤ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነበር፤ ግማሹ ተሠርቶ የተተወ ስሌት። ይህ ደሴት ጉድጓዱ ጨው ነው። የሚጠጣ ውሃ በመርከብ ይመጣል፤ ሰው በርሜል ይዞ ይሰለፋል። ሁለት መቶ ስልሳ ግማሽ ባልዲ ውሃ የት ሄደ?

«እቴቴ፣» አልኩ፣ «ባልዲውን ስታጥቢ ውስጡ የነበረውን ውሃ የት ነው የምትደፊው?»

«ውሃ ይደፋል እንዴ? ጤና የለሽም? ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያመጣሁትን! አበቦቼ አሉ አይደል? መጀመሪያ ውሃውን ለእነሱ እሰጣለሁ፤ ሳሙናው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እውነት ነው፤» አልኩ ለመርማሪዋ። «አምስት ዓመት ሙሉ ታጥቧል። ዜሮው የሳሙናው እንጂ የትንኝ አይደለም። ያለችውን ትንኝ ደግሞ እዚያ ያገኟታል።»

አክስቴ አበቦቿን የተከለችው በሃያ ሁለት የዘይት ጣሳዎች ነው። እያንዳንዱ ጣሳ ሥር፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽ፣ ነጭ ሳህን ተቀምጧል። መርማሪዋ ተንበረከከችና የመጀመሪያውን ጣሳ አነሳች። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተንቀሳቀሰ። ውሃው አልነበረም የተንቀሳቀሰው፤ እጮቹ ናቸው። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን ስታነሳ አንዲት ትንኝ ከቅጠሉ ሥር ወጥታ የመርማሪዋ እጅ ላይ አረፈች። መርማሪዋ እጇን ሳታንቀሳቅስ በሌላኛው እጇ ማጉያ መነጽሩን አቀረበች።

«ቆንጆ ነሽ፤» አለቻት። እስክትነክሳት ጠበቀችና ትንሽ ብልቃጥ ደፋችባት።

እኔ አሥራ አንድ ወር በእነዚህ ሳህኖች አጠገብ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ቁርጭምጭሚቴን እየፎከትኩ አልፌያለሁ። ቅጹ ላይ «የአበባ ሳህን» የሚል ቦታ የለም።

አክስቴ ቀርባ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«ይኼ የኔ አይደለም፤» አለች በሹክሹክታ። «የጎሚስታው ነው። ከጎሚስታው ነው የመጣው።» ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ እንግዶቹን ግቢው መሐል ትታ ቤት ገባች፤ በሩንም ዘጋች።

ምስክር ወረቀቱ አልተሰጠም። የወደቡ ፍተሻ እንዲቀጥልና በወደቡ ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ እንዲገለበጥ ታዘዘ። አለቃዬ ከግቢው ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ጀልባው ጋ ስንደርስ ግን መርማሪዋን «የክትትል ሥርዓታችን እንደሚሠራ ያየነው ዛሬ ነው፤ እኔ ይህንን ከሐሙስ ጀምሮ አውቄዋለሁ» ሲላት ሰማሁት። ለእኔ እጁን ሰጠኝና «ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። ዝውውሬን አነሳሁበት። «ወቅቱ አይደለም» ብሎ ጀልባው ላይ ወጣ።

አክስቴ አራት ቀን አላናገረችኝም። ምሳ በር ላይ ታስቀምጥልኝና ትሄዳለች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሳላስበው ክፍሌ ገባች፤ በቡና ስኒ ውስጥ ከጎረቤት ባልዲ የቀዳችውን ውሃ ይዛለች።

«ይቺ እሷ ናት ወይስ ተራዋ?»

አየሁላት። «ተራዋ ነች።»

«እንዴት ታወቀሽ?»

አሳየኋት። ተራዋ እጭ ከውሃው ፊት ጋደም ብላ እንደምትንጠለጠል፣ ያቺኛዋ ግን ቀጥ ብላ ቁልቁል እንደምትወርድ፣ መተንፈሻዋም አጭርና ወፍራም እንደሆነ ነገርኳት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ከጣቢያው ወደ ክፍሌ ባመጣሁት ማይክሮስኮፕ ላይ ሩብ ሰዓት ቆየች። ከዚያ ቀና አለችና «ተነሺ፤ ጎሚስታው ቤት እንሂድ» አለችኝ።

ጎሚስታው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጎማ ይለጥፋል። ስንገባ ሳቁን መደበቅ አልፈለገም።

«እመቤት መጥረጊያ! እኔ ቤት? ምን ጉድ ነው? አበባሽ ትል አፈላ ሲሉ ሰማሁ፤ ውሸት ነው አይደል?»

አክስቴ ቆመች። እኔ ተመልሳ የምትወጣ መስሎኝ ለመንገዱ ቦታ ለቀቅኩላት።

«እውነት ነው፤» አለች። «ሃያ ሁለት ሳህን ሙሉ። በእጄ አሳደግኋቸው። መርማሪ ፊት ተዋረድኩ። ሌላ የሰማኸው አለ?»

ጎሚስታው የሚለጥፈውን ጎማ መሬት አስቀመጠ።

«ካበቃህ ተነስ። ጎማህን ልንገለብጥ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ፣ መቶ ሃምሳ ይሆናል...»

«የስንት ዓመት ጎማ ነው ይኼ? ነፍስህን ይማር፣ እዚህ ውስጥ ያለው ውሃ ልጆችህን ይበልጣል። ያዝ በዚያ በኩል!»

ያዘ። እኔ እመዘግባለሁ፤ አክስቴ ትጮሃለች፤ ጎሚስታው ያለከልካል። ሠላሳኛው ላይ ወገቤ ብሎ ተቀመጠ። አርባዎቹ ውስጥ ስንደርስ የወደቡ ጸሐፊ ከመንገድ ጠርቶኝ ከላቦራቶሪው የመጣ ፖስታ ሰጠኝ። እዚያው ጎማዎቹ መሐል ቆሜ ከፈትኩት። ዝውውሬ ተፈርሟል። ከጊዜያዊ ሠራተኛነት ወደ ቋሚነት፣ እዚሁ ደሴት፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ለሦስት ዓመት። ከታች «ዝርያዋን ቀድሞ ለመለየት ላደረግሽው አስተዋጽኦ» የሚል ምስጋና አለ። በእኔ ሥር የሚሆኑ ሠራተኞች ብዛት በሚለው ቦታ ሰረዝ ተደርጎበታል።

ሁለቴ አነበብኩት። አንዳንድ ደብዳቤ በሁለተኛው ንባብ ይሻሻላል፤ ይሄኛው አልተሻሻለም።

«ምን ይላል?» አለች አክስቴ፣ ከባድ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ጎንበስ እንዳለች።

«ሦስት ዓመት።»

«የት?»

«እዚሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ልትል ይሁን እግዜር ያጽናሽ፣ ፊቷ ላይ ሁለቱ ተራ ሲጠባበቁ አየሁ። አንዱንም አልመረጠችም።

«ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ እኔ አልችልም፤» አለች። «አሁን ግን ይሄ ብቻዬን አይነሳልኝም።»

ደብዳቤውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና በዚያኛው በኩል ሄጄ ያዝኩላት። ሲገለበጥ ውሃው ሁለታችንንም እስከ ጉልበታችን አራሰን።